አብረው የሚቀየሩ አሚኖ አሲዶችን በኮምፒውተር ለማግኘት፦ ከቱሉ በፊት አላይመንቱ

እሺ፣ ሰሞኑን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም ኪቶ ፉርዲሳም ቴሲስ የያዙ ልጆች እየደጋገሙ የሚጠይቁኝን ነገር አንዴ ጽፌ ልገላገል። ጥያቄው ሁሌ "በፕሮቲን ውስጥ አብረው የሚቀየሩ አሚኖ አሲዶችን ለማግኘት የትኛው ቱል ይሻላል?" ነው፣ ከዛ የቱሎቹ ስም ተደርድሮ ይመጣል፣ ግሬምሊን፣ ፒሲኮቭ፣ ሲሲኤምፕሬድ፣ ኢቪካፕሊንግስ፣ ሚስቲክ፣ ምናምን። እኔ መልሼ ምጠይቀው "አላይመንትሽን አሳዪኝ፣ አላይመንትህን አሳየኝ" ነው፣ አላይመንት ማለት የዘመዳም ፕሮቲኖች ሲኩዌንስ፣ ማለትም የአሚኖ አሲዶቻቸው ቅደም ተከተል፣ ተመጣጣኙ ቦታ በአንድ ኮለም እንዲቆም ተደርድሮ የተቀመጠበት ሰንጠረዥ ነው። በቱሎቹ መካከል ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ግን አላይመንቱ ከተበላሸ አንዳቸውም አያድኗችሁም፣ አላይመንቱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ደህና ደህናዎቹ ቱሎች ከላይ የሚያወጡላችሁ ጥንዶች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ።

ሀሳቡ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ፕሮቲን በባክቴሪያውም በእንስሳውም በእጽዋቱም ውስጥ ይገኛል እንበል፣ ሲኩዌንሱ ከአንዱ ዝርያ ወደሌላው ይለያያል ግን አጣጠፉ ያው ነው። ሲታጠፍ ጎን ለጎን የሚመጡ ሁለት አሚኖ አሲዶች ካሉ አንዱ ሲቀየር ሌላው ካልተቀየረ ቦታው ሊበላሽ ይችላል፣ ለምሳሌ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ላይሲን ከኔጌቲቩ ግሉታሜት ጋር ተያይዞ ከነበረ ላይሲኑ ወደ ግሉታሜት ሲቀየር ሁለት ኔጌቲቭ ይገፋፋሉ፣ ስለዚ በዝግመተ ለውጥ ሂደት ያኛውም ወደ ፖዘቲቭ የመቀየር እድሉ ይጨምራል። በብዙ ሺ ሲኩዌንስ ላይ ይሄ ነገር እንደ ኮሪሌሽን ይታያል። ነገሩን ገልብጣችሁ ስታስቡት ኮሪሌሽን ያላቸውን ቦታዎች ካገኛችሁ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ ስትራክቸሩን፣ ማለትም የታጠፈውን ቅርጽ፣ ሳታዩ መገመት ትችላላችሁ ማለት ነው። ይሄን በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጎበል፣ ሳንደር፣ ሽናይደርና ቫሌንሲያ በሰፊው ሞክረውታል፣ ውጤቱ ከግምት የተሻለ ነበር ግን ብዙ ውሸት የተቀላቀለበት ነበር፣ ውሸቱን ለማጣራት ወደ 15 ዓመት ፈጅቷል፣ ለምን እንደፈጀ ወደታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ። የስትራክቸር ንክኪ ነው? ከአክቲቭ ሳይት፣ ማለትም ኤንዛይሙ ስራውን ከሚሰራበት ቦታ፣ ራቅ ብለው ስራውን የሚቆጣጠሩ አሚኖ አሲዶች ናቸው? ወይስ ሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖች የት ላይ እንደሚገናኙ? ሶስቱም ኮሪሌሽን ይባላሉ ግን መንገዳቸው የተለያየ ነው። እኔ እዚህ በብዛት የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው፣ እሱን የያዘ ሌላውን ለመልመድ አይቸገርም።

ለመለማመጃ ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝን ውሰዱ፣ ከዚህ በኋላ ዲኤችኤፍአር እለዋለሁ። ይሄን የመረጥኩት ኤንዛይሙን ባታውቁት እንኳን መድሃኒቶቹን ስለምታውቋቸው ነው፣ ባክትሪም ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም የሚያግደው የባክቴሪያውን ዲኤችኤፍአር ነው፣ ፋንሲዳር ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን ደግሞ የወባውን። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋንሲዳር ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ መድሃኒትነቱ ቀርቶ በኮአርተም የተተካው በ2004 ነው፣ ምክንያቱም ጥገኛ ተውሳኩ ተላምዶት ነበር። የኢኮላይ ዲኤችኤፍአር 159 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ ስትራክቸሩ በደንብ የታወቀ ነው፣ ፋሚሊውም ትልቅ ነው። ትንሽ ፕሮቲን፣ ብዙ ሲኩዌንስ፣ መልሱም በእጅ ያለ፣ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። የራሳችሁን ፕሮቲን ከመንካታችሁ በፊት በሱ አንዴ ከዳር እስከዳር ሂዱበት።

አሁን ሲኩዌንስ መሰብሰብ። ከፕሮቲን ዳታቤዙ ከዩኒፕሮት የኢኮላዩን ሲኩዌንስ አውርዱ፣ መለያ ቁጥሩ ፒ 0 ኤ ቢ ኪው 4 ነው፣ እሱን መነሻ አርጋችሁ ዘመዶቹን ትፈልጋላችሁ። ለመፈለግ ጃክሀመር ወይም ኤችኤችብሊትስ ይጠቅማሉ፣ ሁለቱም ባገኙት ሲኩዌንስ ፕሮፋይል፣ ማለትም በየቦታው የትኛው አሚኖ አሲድ እንደሚበዛ የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ እየሰሩ ደግመው ደግመው ይፈልጋሉ፣ ስለዚ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚፈልገው ተራ ብላስት ይልቅ የራቁ ዘመዶችን ያገኛሉ። እዚህ ጋ አደራ፣ ሙሉ ዳታቤዙን ላፕቶፓችሁ ላይ ላውርድ እንዳትሉ፣ ፋይሉ በጊጋባይት እየተቆጠረ ፓኬጃችሁንም ዲስካችሁንም ይጨርሳል፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋማ በቃ። ፍለጋውን የሚሰሩላችሁ ሰርቨሮች አሉ፣ ጃክሀመር በአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም ሳይት ላይ አለ፣ ኤችኤችብሊትስ በማክስ ፕላንክ ቱልኪት ላይ አለ። እኔ ግን ኔትወርክ ሲያስቸግር የምመርጠው ኮላብፎልድን ነው፣ እሱ ስትራክቸር ለመተንበይ ብሎ በጎን ኤ3ኤም የሚባል የአላይመንት ፋይል ያወጣል፣ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ እሱን ብቻ አውርዳችሁ ሌላውን መተው ትችላላችሁ። ዝግጁ አላይመንት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፒፋም አለ፣ የድሮ ሳይቱ ተዘግቶ አሁን ኢንተርፕሮ ውስጥ ገብቷል፣ የዲኤችኤፍአር ፋሚሊ ፒኤፍ 00186 ነው።

ፍለጋው ላይ የመመሳሰል ገደቡን በጣም ካላላችሁት ዲኤችኤፍአር ያልሆነ ነገር ይገባል፣ በጣም ካጠበቃችሁት የኢኮላይ ወንድሞችና እህቶች ብቻ ይቀራሉ፣ እነሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ልዩነት የላቸውም፣ ልዩነት ከሌለ ኮሪሌሽን የለም። ሁለት ሶስት ገደብ ሞክራችሁ እያንዳንዱ ስንት ሲኩዌንስ እንደሰጣችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ማጽዳት፣ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ይሄን ነው። አላይመንቱን ጃልቪው በሚባለው የአላይመንት ማሳያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱትና በአይናችሁ እዩት፣ አዎ በአይናችሁ፣ ወደታች ስክሮል አርጉ። ግማሽ ብቻ የሆኑ ሲኩዌንሶች ታያላችሁ፣ ጫፍ ላይ ረጅም ጋፕ፣ ማለትም አሚኖ አሲድ የሌለበት ባዶ ቦታ፣ ያላቸው። እነዚህ ጋፖች ተከታታይ ስለሆኑ አንዱ ኮለም ጋፕ ሲሆን ጎረቤቱም ጋፕ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጋፕን ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ እንደ 21ኛ ፊደል ስለሚቆጥረው "ወይ ጉድ፣ እነዚህ እንዴት ተዋደዱ" ብሎ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚ መጀመሪያ የመነሻችሁ ሲኩዌንስ ጋፕ የሆነበትን ኮለም በሙሉ አውጡ፣ ዲኤችኤፍአር ላይ በትክክል 159 ኮለም መቅረት አለበት፣ 158 ወይም 160 ከሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል። ከዛ ከመነሻው ሲኩዌንስ 70 ፐርሰንቱን እንኳን የማይሸፍኑትን ረድፎች ጣሉ፣ ከ30 ፐርሰንት በላይ ጋፕ ያለበትን ኮለም ደግሞ ከሂሳቡ አውጡ ወይም ቢያንስ ምልክት አርጉበት። ቁጥሮቹ ህግ አይደሉም፣ ግን መነሻ ይሆናሉ። ከወባ ዲኤችኤፍአር የምትነሱ ከሆነ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ ወባ ውስጥ ይሄ ኤንዛይም ከታይሚዲሌት ሲንቴዝ ጋር ተጣብቆ አንድ ረጅም ፕሮቲን ነው የሚሆነው፣ ሙሉውን ካስገባችሁ አላይመንቱ ከሁለት የተለያየ ፋሚሊ ይሰበሰባል፣ ስለዚ የዲኤችኤፍአሩን ዶሜይን፣ ማለትም የሱን ክፍል ብቻ፣ ቆርጣችሁ አስገቡ።

ስንት ሲኩዌንስ ይበቃል? 10,000 አለኝ ብሎ መኩራት አይሰራም፣ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ለህክምና ሲባል ተደጋግመው ሲኩዌንስ የተደረጉ አንድ አይነት ባክቴሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚ ለእያንዳንዱ ሲኩዌንስ ክብደት ይሰጠዋል፣ የተለመደው 80 ፐርሰንትና ከዛ በላይ የሚመሳሰሉትን ቆጥሮ ክብደቱን አንድ ሲካፈል ለቁጥራቸው ማድረግ ነው፣ አርባ የሚመሳሰሉ ካሉ እያንዳንዳቸው አንድ አርባኛ ድምጽ ያገኛሉ፣ በጠቅላላው አንድ ማለት ነው። የክብደቶቹ ድምር ኢፌክቲቭ ቁጥር ይባላል፣ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው። በ2013 የግሬምሊን ሰዎች ያወጡት ልምድ አለ፣ የሲኩዌንሱ ብዛት ከፕሮቲኑ ርዝመት አምስት እጥፍ ሲያልፍ ትንበያው የሚታመን ይሆናል፣ ለ159 ወደ 795 መሆኑ ነው። ዲኤችኤፍአር ይሄን በቀላሉ ያልፋል። የናንተ ፕሮቲን ካላለፈ ቱል መቀያየር ትርፉ ድካም ነው። ፒሲኮቭ እንዲያውም የተለያየ ሲኩዌንስ ካነሰው አልሰራም ብሎ ያቆማል፣ ይሄን ጸባዩን እወድለታለሁ፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ቁጥር ያወጡላችኋል።

እዚህ ላይ ጅማ ውስጥ በተደጋጋሚ የማየውን ልናገር። ልጆች በጅማ ዙሪያ ካሉ ጤና ጣቢያዎች ከወባ ታማሚዎች ናሙና ሰብስበው ጂኑን ሲኩዌንስ ያስደርጉና ያን ይዘው ኮሪሌሽን ሊያሰሩ ይመጣሉ። የፋልሲፓረም ዲኤችኤፍአር 51፣ 59 እና 108 ላይ ያሉት ሚውቴሽኖች አብረው ሲመጡ ያያሉ፣ በጣም ደስ ይላቸዋል፣ እንዴ እነዚህ አሚኖ አሲዶች ተነካክተዋል ማለት ነው ይላሉ። አይደለም። እነዚህ አብረው የሚገኙት መድሃኒቱ መርጧቸው፣ ከዛም የተላመደው ተውሳክ ሲራባ ሶስቱም በአንድ ላይ ስለሚወረሱ ነው። የህዝብ ጄኔቲክስ ጥያቄ ነው፣ ራሱን የቻለ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ሌላ ሂሳብ ነው የሚፈልገው። እኛ የምናወራው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የተለያዩ ዝርያዎችን ስለማወዳደር ነው፣ የአንድ ዝርያ ናሙና ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን በ80 ፐርሰንቱ ክብደት ሲመዘን ኢፌክቲቭ ቁጥሩ አንድ ነው።

አሁን ሂሳቡ። በሚውችዋል ኢንፎርሜሽን፣ ማለትም አንዱን ኮለም ማወቅ ስለሌላው ምን ያህል እንደሚነግር በሚለካው ቁጥር፣ ጀምሩ፣ በወረቀት መስራት ስለሚቻል። ስምንት ሲኩዌንስ አለን እንበል፣ አንደኛው ኮለም ላይ አራት ላይሲን አራት ግሉታሜት፣ ሁለተኛው ኮለም ላይ ደግሞ ያኛው ላይሲን በሆነበት ሁሉ ግሉታሜት፣ ግሉታሜት በሆነበት ሁሉ ላይሲን። ላይሲንና ግሉታሜት አብረው የመገኘታቸው ድርሻ ግማሽ ነው፣ ባይተዋወቁ ኖሮ ግን ግማሽ በግማሽ ሩብ ይሆን ነበር፣ ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ሁለት፣ የሁለት ሎግ በቤዝ ሁለት አንድ፣ በግማሽ ሲባዛ 0.5፣ ለሁለተኛውም ጥንድ እንደዛው 0.5፣ ድምሩ 1 ቢት። አሁን ሁለተኛውን ኮለም በውዙት፣ አራቱም አይነት ጥንድ ሁለት ሁለቴ ይምጣ፣ አብሮ መገኘቱም ሩብ ባይተዋወቁም ሩብ፣ መልሱ ዜሮ። ሶስተኛ፣ ሁለተኛው ኮለም ሙሉ በሙሉ ግላይሲን ይሁን፣ አሁንም ዜሮ። ይቺን ሶስተኛዋን ያዟት፣ ጭራሽ የማይቀየር ቦታ ለነዚህ ቱሎች አይታይም። አክቲቭ ሳይት ላይ ያለው ወሳኙ አሚኖ አሲድ ዝርዝሬ ላይ የለም ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ካልተቀየረ ከምን ጋር አብሮ ይቀየር?

ይሄንን በ159 ኮለም ላይ ማድረግ ማለት 12,561 ጥንድ ማስላት ነው፣ ለፓይተን ምንም ማለት አይደለም። ራሳችሁ ኑምፓይ ላይ ብትጽፉት ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ፕሮዳይ የሚባለው የፓይተን ጥቅል ውስጥ አላይመንት ማንበቢያውም ሚውችዋል ኢንፎርሜሽኑም ማስተካከያውም ተሰርቶ ተቀምጧል፣ ጉግል ኮላብ ላይም ይጫናል።

ማስተካከያው ምንድነው ካላችሁ፣ በጣም የሚለዋወጥ ኮለም ከሁሉም ጋር ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣል፣ በዝምድናም ምክንያት እንዲሁ አጠቃላይ ከፍታ አለ። በ2008 ደን፣ ዋልና ግሎር ያመጡት ኤፒሲ የሚባለው ዘዴ በጣም ቀላል ነው፣ የጥንዱን ነጥብ ትወስዳላችሁ፣ ከሱ ላይ የአንደኛውን ኮለም አማካይ በሁለተኛው ኮለም አማካይ አባዝታችሁ ለጠቅላላው አማካይ ያካፈላችሁትን ትቀንሳላችሁ። በቃ ይሄው ነው፣ አንድ መስመር ኮድ። ግን ለውጡን በአይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ከሱ በፊት የጥንዶቹ ነጥብ በቀለም የተሳለበት ሂትማፕ ላይ ወጥ መስመሮች ነበሩ፣ ከሱ በኋላ መስመሮቹ ይጠፉና ነጥብ ነጥብ ብቻ ይቀራል፣ ከዲያጎናሉ ጎን ወፈር ያሉት ሄሊክሶች፣ ማለትም ተጠምዝዘው የተጠቀለሉት ክፍሎች፣ ናቸው፣ ከዲያጎናሉ ጋር ትይዩ ወይም ተሻጋሪ ሆነው የሚሄዱት ቤታ ሺቶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የተነጠፉት ክፍሎች፣ ናቸው። ዲኤችኤፍአር መሃሉ ትልቅ ቤታ ሺት ስለሆነ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው።

አሁን ያ 15 ዓመት የፈጀው ችግር። ነዳጅ ሲጨምር የባጃጅ ታሪፍም ይጨምራል ጤፍም ይጨምራል፣ ባጃጁና ጤፉ በቁጥር ሲታዩ አብረው ነው የሚሄዱት ግን አንዱ ሌላውን አልነካም። ፕሮቲን ውስጥም አንደኛው አሚኖ አሲድ ሁለተኛውን ይነካል፣ ሁለተኛው ሶስተኛውን ይነካል፣ አንደኛውና ሶስተኛው ሳይነካኩ ኮሪሌሽን ያሳያሉ። ሚውችዋል ኢንፎርሜሽን ጥንዱን ለብቻው ስለሚያይ ይሄን መለየት አይችልም፣ ኤፒሲም አያድነውም። መፍትሄው ሁሉንም ቦታዎች በአንድ ሞዴል ውስጥ አስገብቶ ቀጥታ የሆነውን ብቻ ማውጣት ነው፣ ዳይሬክት ካፕሊንግ አናሊሲስ ወይ ዲሲኤ የሚባለው። በ2009 ቫይግትና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ ምልክት አስተላላፊ ፕሮቲኖች ላይ አሳዩት፣ በ2011 ሞርኮስና ባልደረቦቹ በፍጥነት የሚሰራበትን መንገድ አመጡ፣ በዛው ዓመት ማርክስና ሳንደር ያሉበት ቡድን ከዚህ ተነስቶ ሙሉ ስትራክቸር ማጠፍ እንደሚቻል አሳየ፣ በ2012 ጆንስ ፒሲኮቭን ይዞ መጣ።

ፈጣኑ መንገድ የኮቬሪያንስ ማትሪክሱን፣ ማለትም የጥንዶቹን አብሮ መለዋወጥ የያዘውን ሰንጠረዥ፣ መገልበጥ ነው፣ ኢንቨርሱን ማውጣት ማለቴ ነው። ለ159 ቦታ በ20 ፊደል 3,180 በ3,180 ማትሪክስ ይሆናል፣ ሚሞሪ ላይ ወደ 80 ሜጋባይት ነው፣ ማንም ላፕቶፕ ይችለዋል። ችግሩ ማትሪክሱ እንዳለ አይገለበጥም፣ ብዙ ጥንዶች አንዴም ስላልታዩ ዜሮ ሞልቶታል፣ ለዛ ነው ፕሱዶካውንት የሚባል ሰው ሰራሽ ቆጠራ የሚጨመረው፣ ያውም ትንሽ አይደለም፣ የሞርኮስ ዘዴ ላይ ከእውነተኛው ዳታ እኩል ክብደት ይሰጠዋል። የተሻለው መንገድ እያንዳንዱን ቦታ ከሌሎቹ ሁሉ ተነስቶ የሚገምተው ፕሱዶላይክሊሁድ ነው፣ ግሬምሊንም ሲሲኤምፕሬድም ኢቪካፕሊንግስም የሚሰሩት በዚህ ነው፣ ይዘገያል ግን ትክክለኛነቱ ይበልጣል። ሞዴሉ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለማየት፣ 12,561 ጥንድ እያንዳንዱ 21 በ21 ሰንጠረዥ አለው፣ ሲባዛ 5,539,401 ቁጥር ነው። በጥቂት ሺ ሲኩዌንስ አምስት ሚሊዮን ተኩል ቁጥር ልትገምቱ ነው፣ ስለዚ ሬጉላራይዜሽን የሚባለው፣ ቁጥሮቹ ያለ በቂ ማስረጃ እንዳይተልቁ የሚገታው ነገር እዚህ ግዴታ ነው፣ እሱን ዜሮ አርጌ ልሞክር እንዳትሉ።

ታዲያ የቱን ልጠቀም ላላችሁ፣ ከአላይመንት እስከ ስትራክቸር ማወዳደር ድረስ በአንድ መስመር የሚወስዳችሁን ከፈለጋችሁ ኢቪካፕሊንግስ፣ በሰርቨርም በፓይተንም አለ፣ የአንድ ሚውቴሽን ተጽዕኖ ምን ሊሆን እንደሚችልም ያሰላል። አላይመንቱን ራሴ ሰርቻለሁ ነጥቡን ብቻ ልይ ካላችሁ ሲሲኤምፕሬድ፣ በ2014 የወጣ ነው፣ በተራ ሲፒዩም በጂፒዩም ይሰራል፣ ዲኤችኤፍአርን የሚያህል ነገር ኮላብ ላይ ብዙ አያስጠብቃችሁም። ሲሲኤምፕሬድ ፋስታ የሚባለውን የተለመደ የሲኩዌንስ ፋይል አይቀበልም፣ ስም የሌለው፣ በየመስመሩ አንድ ሲኩዌንስ ብቻ፣ ሁሉም እኩል ርዝመት ያለው ፋይል ነው የሚፈልገው፣ ኤ3ኤም ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ፊደሎች ካላጠፋችሁ ርዝመቱ አይገጥምም። የሚያወጣው 159 በ159 ማትሪክስ ነው፣ ኤፒሲውን ራሱ ሰርቶታል፣ ደግማችሁ እንዳትሰሩት። ኮድ የማትጽፉ ከሆነ ሚስቲክ በሳይቱ ላይ ኔትወርክ እየሳለ ያሳያል፣ ለመጀመሪያ እይታ ጥሩ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሰርቨሮች አንዳንዴ ይዘጋሉ፣ ስለዚ ውጤት እንዳገኛችሁ ፋይሉን አውርዱ፣ ነገ አየዋለሁ አትበሉ።

ውጤቱን ማንበብ። መጀመሪያ በሰንሰለቱ ላይ የሚቀራረቡትን አውጡ፣ በቁጥር ከ6 ያነሰ ልዩነት ያላቸው ጥንዶች ጎረቤት ስለሆኑ ይነካካሉ፣ ምንም አይነግሯችሁም። የቀሩትን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩና የፕሮቲኑን ርዝመት ያህል፣ ማለትም የላይኞቹን 159፣ ውሰዱ። ከዛ ስትራክቸሩን ከስትራክቸር ዳታቤዙ ከፒዲቢ አውርዱ፣ ለኢኮላይ ዲኤችኤፍአር 1 አርኤክስ 2 ይሆናችኋል፣ በየጥንዱ ከቤታ ካርቦን እስከ ቤታ ካርቦን ያለውን ርቀት ለኩ፣ ግላይሲን ቤታ ካርቦን ስለሌለው በአልፋው ለኩ፣ ከ8 አንግስትሮም በታች ከሆነ ንክኪ በሉት። ከላይኞቹ ውስጥ ስንት ፐርሰንቱ ንክኪ እንደሆነ አስሉ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ከጥንዶቹ ሁሉ በጭፍን ቢመረጥ ስንት ፐርሰንት ንክኪ እንደሚሆን አስሉ፣ ያለሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ትርጉም የለውም። የላይኞቹን 32፣ ማለትም የርዝመቱን አንድ አምስተኛ፣ ለብቻ አስሉት፣ እዛ ላይ በሚውችዋል ኢንፎርሜሽንና በዲሲኤ መካከል ያለው ልዩነት በደንብ ይታያል። ፓይሞል በሚባለው የስትራክቸር ማሳያ ፕሮግራም ላይ ጥንዶቹን በመስመር አገናኟቸው፣ ንክኪ የሆነውን በሰማያዊ ያልሆነውን በቀይ፣ ሰው ዲፌንስ ላይ የሚረዳው ይሄን ስእል ነው።

ቁጥር አቆጣጠር ላይ እዘገያለሁ ምክንያቱም ውጤት ሁሉ የሚበላሽበት ቦታ ይሄ ነው። ፓይተን ከዜሮ ይቆጥራል፣ ፕሮቲን ከአንድ ይቆጥራል፣ አላይመንት ኮለም ያወጣችሁበት ከሆነ ሶስተኛ ቁጥር አለ፣ ፒዲቢ ደግሞ የራሱ አለው። ዲኤችኤፍአር ደግ ነው፣ ገር ነው። ቤታ ላክታሜዝ ላይ ለምትሰሩ ግን፣ አንቲባዮቲክ መላመድ ላይ የምትሰሩ ብዙ ናችሁና፣ ቴም 1 የሚባለው ቤታ ላክታሜዝ በአምብለር ቁጥር ነው የሚጻፈው፣ አቆጣጠሩ 239 እና 253ን ይዘላል። ይሄን ያላየ ሰው ከ238 በኋላ ያለው ጥንድ ሁሉ አንድ ቦታ፣ ከዛም ሁለት ቦታ ይንሸራተትበታል፣ ስእሉም የማይረባ ይመስላል። ቀላል መከላከያ አለ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የአሚኖ አሲዱንም ፊደል ከሲኩዌንሱም ከፒዲቢውም አውጥታችሁ እኩል መሆኑን ኮዱ ያረጋግጥ፣ ካልገጠመ ይቁም።

ከላይ ሆነው ግን የራቁ ጥንዶች ይኖራሉ፣ እነሱን ቶሎ ውሸት ናቸው ብላችሁ አትጣሉ፣ ቶሎም ግኝት ነው አትበሉ። ፕሮቲኑ ሁለት ሶስት ሆኖ የሚጣመር ከሆነ ንክኪው ከጎረቤት ኮፒ ጋር ሊሆን ይችላል፣ የኢኮላይ ዲኤችኤፍአር ግን ብቻውን ነው የሚሰራው፣ ስለዚ እሱ ላይ ይሄ ምክንያት አይሰራም። ፕሮቲኑ ቅርጹን የሚቀያይር ከሆነ በሌላኛው ቅርጽ ሊነካኩ ይችላሉ፣ ዲኤችኤፍአር ኤም 20 የሚባል የሚንቀሳቀስ ሉፕ አለው፣ 1 አርኤክስ 2 ላይ ተዘግቶ ነው ያለው፣ ስለዚ እዛ አካባቢ የራቀ ጥንድ ካያችሁ ሉፑ ሌላ ቦታ ላይ ያለበትን ስትራክቸር አምጥታችሁ ድጋሚ ለኩ። አላይመንቱ ተንሸራትቶም ሊሆን ይችላል፣ ወደ ጃልቪው ተመለሱና እነዛን ሁለት ኮለሞች እዩ።

አራተኛው ምክንያት ዝምድና ነው፣ እሱ ከሁሉም ያስቸግራል። ዲኤችኤፍአር ላይ ጥሩ ምሳሌ አለ፣ የኢኮላይ 27ኛው አሚኖ አሲድ አስፓርቴት ነው፣ አክቲቭ ሳይት ውስጥ ያለው ወሳኙ እሱ ነው፣ ሰው ውስጥ ግን በዛ ቦታ ያለው 30ኛው ግሉታሜት ነው። ባክቴሪያና የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት በአንድ አላይመንት ካደባለቃችሁ ይሄ ኮለም በሁለቱ ወገን ይከፈላል፣ በዚሁ መስመር የተከፈለ ሌላ ማንኛውም ኮለም ከሱ ጋር ፍጹም የተዋደደ ይመስላል፣ ለውጡ የመጣው ግን ጥንት አንድ ጊዜ ነው፣ ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ውርስ ነው። እውነተኛ ጥንድ የሚባለው ዛፉ ላይ በተለያየ ቅርንጫፍ ደጋግሞ አብሮ የተቀየረ ነው። ለማየት ቀላሉ መንገድ አላይመንቱን ባክቴሪያ ብቻ አርጋችሁ ድጋሚ ማስላት ነው፣ ጥንዱ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ።

ከአክቲቭ ሳይት ርቀው ስራውን የሚነኩ ቦታዎችን ለሚፈልግ ኤስሲኤ የሚባለው አለ፣ ሎክለስና ራንጋናታን በ1999 ያመጡት፣ ፓይኤስሲኤ የሚባለው ኮድ በነጻ አለ። እሱ ብዙም የማይቀየሩትን ቦታዎች የበለጠ ክብደት ሰጥቶ ጥንድ ሳይሆን አብሮ የሚሄድ ስብስብ ያወጣል። ዲሲኤና ኤስሲኤ የተለያየ መልስ ሰጡኝ ብላችሁ አትገረሙ፣ የተጠየቁት ሌላ ሌላ ነው። ለሁለት ፕሮቲኖች ደግሞ ሲኩዌንሶቹን በዝርያ በዝርያ አጣምራችሁ እንደ አንድ ረጅም ፕሮቲን ታስገባላችሁ፣ ማጣመሩ ነው ከባዱ፣ አንድ ባክቴሪያ ውስጥ ብዙ ተመሳሳይ ኮፒ ካለ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ አታውቁም፣ ጂኖቹ ክሮሞሶሙ ላይ ጎን ለጎን ካሉ ግን ይቀላል።

ስትራክቸር የሚተነብየው አልፋፎልድ እያለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄም ይመጣል። ስትራክቸር ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት እውነት ነው አልፋፎልድን ተጠቀሙ፣ በ2020 የስትራክቸር ትንበያ ውድድሩን ያሸነፈው ሁለተኛው ስሪት ራሱ የሚመገበው ይሄንኑ አላይመንት ነው፣ ኮሪሌሽኑን ከሱ ውስጥ ማንበብን ተምሯል። ግን የትኛው ጥንድ ምን ያህል እንደተቆራኘ በቁጥር አይነግራችሁም፣ ሚውቴሽን ስታስገቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ስትራክቸር መልሶ ይሰጣችኋል። ለላብ የትኛውን ጥንድ አብሬ ልቀይር ለሚል ሰው ዲሲኤ አሁንም ስራ አለው።

ቴሲሱ ላይ ሜተድስ ስትጽፉ "በሲሲኤምፕሬድ ሰራሁ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው ዳታቤዝ፣ በየትኛው ቀን የወረደ፣ መነሻው ሲኩዌንስ የቱ፣ ስንት ዙር ተፈለገ፣ ገደቡ ስንት፣ ከማጽዳት በፊትና በኋላ ስንት ረድፍና ስንት ኮለም ነበረ፣ ኢፌክቲቭ ቁጥሩ በየትኛው ፐርሰንት ተሰልቶ ስንት መጣ፣ በሰንሰለት ላይ ያለው ዝቅተኛ ልዩነት ስንት ተደረገ፣ የትኛው ፒዲቢ በየትኛው ሰንሰለት። አላይመንቱን ራሱን ከቴሲሱ ጋር አያይዙት፣ ዚፕ ሲደረግ ትንሽ ነው፣ በቴሌግራምም ይላካል፣ ኤግዛሚነሩ ሊያየው ከፈለገ እዛው ይክፈተው።